ከመጋረጃው ጀርባ ዝም ያሰኘኋት ልጅ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴን ሳልነግራት ቀበርኳት። ልጆቼም አያውቁም። አሁን ለማላውቅህ ለአንተ፣ ይህን ለምታነበው ሰው እናገራለሁ፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኛል። እንግዲህ ፈሪ መሆኔን ከመጀመሪያው እወቅልኝ። በብዙ ነገር ደፋር ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን ፈሪ ሆኜ አረጀሁ።

አድማሱ እባላለሁ። በቦንጋ ከተማ ጋሽ አድማሱ ፎቶ ሲባል የማያውቅ የለም። ፎቶ ቤቴ ከተዘጋ በኋላ እንኳን የባጃጅ ልጆች ቦታውን የሚጠሩት በስሜ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በስኳር ከረጢትና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። ፎቶ ማንሳትንም ማንም አላስተማረኝም። አንድ የእርሻ ባለሙያ ሲዛወር ተበላሽቷል ብሎ የጣለውን ካሜራ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት፤ እስኪሠራ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ የተማሩ ሰዎች ሥራዬን አይተው፣ «ይህን ብርሃን እንዴት አመጡት?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም አልነግራቸውም ነበር። የፈለገ እንደ እኔ ይፍታና ይግጠም።

አየህ? ኃጢአቴን ልናገር ተቀምጬ እንኳን እኮራለሁ። ይህ ኩራት ነው ያቺን ልጅ የሰበራት። ከዚህ በታች በጉራ ስናገር ካገኘኸኝ አትለፈኝ፤ ያዘኝ።

ከሥራዬ ሁሉ የምታወቀው በጨቅላ ሕፃናት ፎቶ ነበር። አራስ ልጅ ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስልሃል? ሰርግ ቀላል ነው፤ ሙሽራ ቁም ስትለው ይቆማል። ጨቅላ ግን የማንንም ትእዛዝ አይሰማም። እጁን ይወረውራል፣ ፊቱን ይቧጥጣል፣ ልክ ልትቀርጸው ስትል ደም መስሎ ያለቅሳል። እኔ መላ አገኘሁለት። የተወለድኩት ማንኪራ ጫካ ውስጥ ነው፤ አባቴ በትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ቀፎው ላይ አስደግፌ የንቡን ድምፅ ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ታዲያ አራስ ልጅ ሲሰጠኝ መዳፌን ብብቴ ውስጥ አሙቄ እቀበለዋለሁ። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ ጆሮውን ደረቴ ላይ አስተኛውና አፌን ዘግቼ ከሆዴ እንደ ቀፎ አጉረመርማለሁ። ልጁ መጀመሪያ ያዳምጣል። ቀጥሎ ጡጫው ይፈታል። ከዚያ ይተኛል። እናቶች፣ «እጅዎ ይባረክ ጋሽ አድማሱ» ይሉኝ ነበር። እጄ!

አንድ ልማድም ነበረኝ። በእኛ ዘንድ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ፊቱ ለብዙ ዓይን አይገለጥም፤ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ እንኳን በነጠላ ተሸፍኖ ነው። ስለዚህ ወደ አራስ ቤት ስጠራ የራሴን ወፍራም መጋረጃ ይዤ እሄዳለሁ። መስኮት ያለበትን ጥግ መርጬ እሰቅለዋለሁ፣ ልጁን እቀበላለሁ፣ እገባለሁ። ከእኔና ከካሜራው በቀር ልጁን የሚያይ ዓይን የለም። አማቶችና አክስቶች በዚህ ነገሬ ይወዱኝ ነበር። እናቲቱንም አላስገባም። የእናት ወተት ከሸተተው ልጁ ጡት ፍለጋ አፉን ይከፍታል፣ ሲያጣ ያለቅሳል። ይህንንም ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ ደግሞም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ምን ይጠቅመኛል? ከመጋረጃው ጀርባ ልጅና እኔ ብቻ እንድንሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳያየኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

መኮንን የሚባል ሰው ነበር፤ የቢሮ ሠራተኛ፣ አያቶቹ ከሰሜን ለሹመት የመጡ፣ በከተማው የታወቀ ቤት ልጅ። ያገባት ልጅ ብርቄ ትባላለች፤ የማንኪራ ልጅ ናት፣ የእኔው አገር ሰው። እናቱ እትዬ ዘነበች ይህን ጋብቻ ከመጀመሪያው አልወደዱትም። «ከጫካ አምጥቶብኝ» ይሉ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብርቄ ማርታን ስትወልድ ግን እትዬ ዘነበች ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ድግስ አደረጉ፤ ፎቶ እንዲነሳም ፈለጉ።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ አልነበርኩም። ያ ጊዜ ዲጂታል ካሜራ ወደ ቦንጋ የገባበት ጊዜ ነው። ናሆም የሚባል ወጣት ነበር፣ ጫማው ነጭ፣ ካሜራው አንገቱ ላይ። እሱን ጠሩት። ልጅቷ በእሱ ፊት እየጮኸች አላስነሳ ስትለው ነው፣ «ጋሽ አድማሱን ጥሩ» የተባለው። ሁለተኛ ሆኜ ተጠራሁ። ያ ብቻውን ደሜን አፈላው።

ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ገንፎ እየተበላ ነው። ናሆም ካሜራውን እየጠራረገ፣ «ጋሼ፣ ብዙ አይጨነቁ፤ ደግነቱ ፎቶ ድምፅ የለውም» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ጥርስ ብቻ ነበር።

መጋረጃዬን ሰቀልኩ። ብርቄ ልጇን ስትሰጠኝ ጨርቁን ለቀቅ አላደረገችም፤ ሁለታችንም ይዘን ቆምን። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ፣ «ሆዷን ሳያማት አይቀርም፣ ትንሽ ትረፍ» አለችኝ። በአማርኛ፣ «አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ ስንቱን አስተኝቻለሁ» አልኳት። በእናቴ ቋንቋ ስታናግረኝ በአማርኛ መለስኩላት፤ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት የማንኪራ ሰው መምሰል አልፈለግኩም። ይህም ይጻፍብኝ።

ገባሁ። አሞቅኳት፣ ደረቴ ላይ አስተኛኋት፣ አጉረመረምኩ። አልሰማችኝም። ጨርቋን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኳት። ጮኸች። በትከሻዬ አደረግኳት፣ በጎኗ ያዝኳት፣ ወደ መስኮቱ አዞርኳት፤ ጮኸች። ከመጋረጃው ማዶ ጫጫታው ቀነሰና ሰው ሁሉ ሲያዳምጠኝ ተሰማኝ። አንዱ፣ «ንቡም እምቢ አለ ማለት ነው?» አለ። ሳቁ። የናሆም ድምፅ ቀጠለ፤ «ጋሼ፣ ልምጣና ልያዝልዎት?»

አሁን የምነግርህን በቀስታ አንብበው፤ ያደረግኩት ግን በቅጽበት ነው። ልጅቷን ከደረቴ ነጠልኳት። በሁለት እጄ ከብብቷ ሥር ያዝኳት። ፊቷን ወደ ፊቴ አመጣሁና፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ነቀነቅኳት። አንድ ጊዜ አይደለም። እጄ ቁጣ የለመደ እጅ ነው፤ ወንዶች ልጆቼ ጀርባቸው ላይ ያውቁታል፣ አባቴም እኔን በዚሁ ዓይነት እጅ ነው ያሳደገኝ። ግን አባቴን ለምን እጠራዋለሁ? በዚያ ጥግ አባቴ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ትንሹ ራሷ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት መጣ፣ ወደ ኋላ ሄደ። አንገቷ ምንም አልያዘም። እኔም አየሁ። እያየሁ ነቀነቅኳት። በውስጤ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ።

ዝም አለች።

ዝምታው እንቅልፍ እንዳልሆነ አላወቅኩም ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። አወቅኩ። የስንት ልጅ እንቅልፍ በእጄ አልፏል፤ የሚተኛ ልጅ ሰውነቱ ቀስ እያለ ነው የሚላላው። እሷ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ተዘረረች። ትተነፍስ ነበር። ትንፋሿን በጉንጬ አየሁና፣ «አለች» አልኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለህ? ጮኼ እናቷን ጠራሁ? ጨርቁ ላይ አስተኛኋት፣ ጡጫዋን ጉንጯ ሥር አስተካከልኩ፣ ከመስኮቱ የሚመጣውን ብርሃን ለካሁና ፎቶ አነሳኋት። ያማረ ፎቶ ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ሰው አጨበጨበ። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ናሆም አንገቱን ደፋ፤ እኔ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ። «አሁንስ ማን ይያዝልህ?» አልኩት። ብርቄ ልጇን ተቀብላ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። «ዓይኗ ለምን እንዲህ ሆነ?» አለች። እትዬ ዘነበች፣ «ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት! ክፉ ነገር አትጥሪባት!» ብለው ዝም አሰኟት። እኔም ገንፎ በላሁ። በላሁ እኮ!

ሌሊቱን ልጅቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ወድቃ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ነው የምታድረው፤ ጥያቄው ሁሉ ወደ ብርቄ ዞረ። እትዬ ዘነበች ፍርዱን ሰጡ፤ «እንቅልፋም ናት፤ ተኝታባት ነው።» ማርታ ነፍሷ ተረፈ። ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን ለሁልጊዜው ሰነፉ፤ የሚጥላት በሽታም ከዚያ ጀምሮ አለቀቃትም።

ይህን ሰምቼ ነበር። ፎቶ ቤቴ ተቀምጬ ነበር የሰማሁት። ሄጄ አልተናገርኩም።

መኮንንና ብርቄ ራሳቸው መጡ። እሱ ቀድሞ ገባ፤ እሷ ልጇን ታቅፋ ከኋላው። ከዚያ በፊት መቷት እንደነበር ከፊቷ አወቅኩ። መኮንን፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ ከእርስዎ እጅ ስትወጣ ደህና ነበረች?» አለኝ።

«እንደ መልአክ ተኝታ ነው የሰጠኋችሁ» አልኩ። «ሰው ሁሉ አይቷል።»

ብርቄ አማርኛ ትችላለች፤ ገበያ ላይ ማንንም አታስቀድምም። ስትደነግጥ ግን ይጠፋባታል። ያን ቀን ጠፋባት። ዓይኔን እያየች፣ ፈጥና፣ በካፊኖኖ ተናገረች። ያለችው ቃል በቃል ይኸውልህ፤ «ልጄ እያለቀሰች ነው የገባችው። ከመጋረጃው ከወጣች በኋላ አልቅሳ አታውቅም፤ ለጡት እንኳን አልቅሳ አታውቅም። እሱን ጠይቀው። ምን አደረግካት በለው።»

መኮንን ካፊኖኖ ለሰላምታ ያህል እንጂ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው የምትለው?» አለኝ።

ጠየቀኝ፤ በከተማው ከሚታመኑት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ጠየቀኝ። ሁለቱን ቋንቋ የምናውቅ በዚያ ክፍል እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አፌን ከፍቼ ምን አልኩ?

«ይቅር በለኝ ነው የምትለው» አልኩ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው፤ አላወቅኩም ነው የምትለው።»

ብርቄ ያን ጊዜ አማርኛው ተመለሰላት። «አላልኩም!» አለች። «መኮንን፣ አላልኩም! ይዋሻል!»

ሁለተኛውን «አላልኩም» ሳትጨርሰው በቡጢ አፏን መታት። ልጇን እንዳትጥል አቅፋ በጀርባዋ ወደቀች፤ ሐይቅ የተሳለበት የፎቶ መጋረጃዬ ላይ ነው የወደቀችው፤ መጋረጃው ከላይ ተቀዶ ወረደ። መሬት ላይ እያለች በእግሩ ጎኗን መታት። ትዘረጋ እንደሆነ ልጅቷ ትመታለች፤ ስለዚህ ተጠቅልላ ጀርባዋን ሰጠችው። ጀርባዋን መታው። ከከንፈሯ የወጣው ደም የልጅቷ ነጠላ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ማርታ አላለቀሰችም።

በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መጋረጃው ነው። ይህን ለማንም የማልናገረው ነገር ነበር፤ ይኸው ተናገርኩት። ብዙ የደከምኩበት መጋረጃ ተቀደደ ብዬ አዘንኩ። ከዚያ ተነስቼ መኮንንን በክንዱ ያዝኩትና፣ «ተው፣ እዚህ አይሆንም» አልኩት። እዚህ አይሆንም! ሌላ ቦታ ይሁን ማለት አይደለም? እሱም ገባው። በፀጉሯ ጎትቶ አስነሳትና ወሰዳት። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ትዳሩ ብዙ አልቆየም። ብርቄ ልጇን ይዛ መጀመሪያ ማንኪራ ገባች። እዚያም ወሬው ቀድሟት ነበር፤ ልጇን በእንቅልፍ የደፈጠጠች ተባለች። በኋላ ወደ ሺሺንዳ ሄዳ በገበያው ቡናና ቅመም እየነገደች እንደምትኖር ሰማሁ። ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን ትናገር ነበር። «ፎቶ አንሺው ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል። ጋሽ አድማሱ? ያ የሕፃን ወዳጅ? ማንም አላመናትም። ስሜ እሷን ለመርገጥ በቃ። ስሜን ደግሞ እንዴት እንደምወደው አይተሃል።

እኔስ? እኔ አደግኩ። ናሆም አገር ለቆ ሄደ። ያን የማርታን ፎቶ አሳድጌ በመስኮቴ ላይ ሰቀልኩት። እናቶች እያዩት፣ «የእኔንም እንደዚች አድርገው ያስተኙልኝ» እያሉ ልጆቻቸውን ሰጡኝ። ሌላ ልጅ ነቅንቄ አላውቅም፤ ግን ይህ ምን ይባላል? ጽድቅ ነው?

ባለፈው በጋ አንድ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ሺሺንዳ በሚኒባስ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር።

«ያቺን ብርቄን ልጇ ሰሞኑን እየደበደበቻት ነው አሉ።»

«ማን፣ ያቺ እግሯን የምትጎትተው? ደግ አደረገች! በልጅነቷ የሰበረቻት እሷ አይደለች?»

«ኧረ በእግዚአብሔር አትበይ፤ እናት ናት።»

«እናት ከሆነች አትተኛባትም ነበራ!»

ከሚኒባሱ ወርጄ መንገዴን መቀጠል እችል ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ገበያው ወሰደኝ። ብርቄን በትከሻዋ አወቅኳት። ከጎኗ ሰሌን ላይ የተቀመጠች ትልቅ ልጅ ነበረች፤ ጡቷ ያጎጠጎጠ፣ ፀጉሯ በደንብ የተሠራ፣ ግራ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ታጠፈ ጨርቅ የተቀመጠ። ማርታ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ልጅቷ በድንገት በቀኝ እጇ እናቷን ፊቷን መታቻት። ደግማ መታቻት። «አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ!» ትላለች፤ ምላሷ ይከብዳታል፣ ቃሉ ግን ይሰማል። ብርቄ እጇን አነሳች? አላነሳችም። ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። ጎረቤት ነጋዴዎቹ እንደ ዝናብ ለምደውት ዕቃቸውን ያስተካክላሉ።

ብርቄ ዓይኗን ስትገልጥ እኔን አየች። አልደነገጠችም። «ጋሽ አድማሱ፣ አርጅተዋል» አለችኝ በአማርኛ። ከዚያ ወደ ልጇ ጠቆመችኝና፣ «ማርታ ናት። ይንገሯት» አለች።

እኔም፣ «ምኑን?» አልኩ።

ምኑን አልኩ! ደሟ ፎቶ ቤቴ ወለል ላይ የፈሰሰውን ሴት፣ በገዛ ልጇ እጅ ፊቷ ቀልቶ የቆመችውን ሴት፣ ምኑን ልንገራት አልኳት። ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ መኪናው ሄድኩ። ማርታ ከኋላዬ እንደገና ስትጮኽ ይሰማኛል፣ የጥፊው ድምፅም ይሰማኛል፣ እኔ እሄዳለሁ።

ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እስከዚህ ያነበብከውን ጽፌ ብዙ ቀን ተውኩት። መጻፍ መናገር መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ አይመታም፣ አይጮኽም፣ ዓይንህን አያይም። ይህ ሲገባኝ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተነስቼ ሄድኩ።

ብርቄ ፊት ቆምኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ለማርታ መጀመሪያ በካፊኖኖ ነገርኳት፤ ቀጥዬ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ደገምኩት። «አንቺን የሰበርኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ አልጣለችሽም፣ አልተኛችብሽም። ስታለቅሺ በእነዚህ እጆቼ ነቀነቅኩሽ። አባትሽ ሲጠይቀኝም ዋሸሁ፤ እናትሽ ያላለችውን አለች አልኩ።»

ገበያው ከአጠገባችን ጀምሮ ፀጥ እያለ ሄደ። «ምን አለ ሽማግሌው?» ይላል ከኋላ ያለው። «እኔ ነኝ አለ! ፎቶ አንሺው ነው!» ይላል የፊተኛው። ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት ተነስታ፣ «እስከ ዛሬ ምላስዎን ማን ይዞብዎት ነበር፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ማርታ አየችኝ። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሳች። ይህን ነው የመጣሁለት ብዬ ጎንበስ አልኩና ፊቴን ሰጠኋት። እጇ ግን አልደረሰኝም። ብርቄ በአየር ላይ ያዘቻት። ለራሷ አንድም ቀን ያልተከላከለች ሴት፣ ለእኔ የተሰነዘረውን ያዘችው።

«በቃ» አለቻት። «ይቺ እጅ ሰው አትምታ። ይብቃት።»

ማርታ ወደ እናቷ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ልጄ። ስንቴ ነገርኩሽ።»

ልጅቷ የመታችውን የእናቷን ፊት በደህናው እጇ ይዛ፣ በጣም ከፍ ባለ ድምፅ፣ አለቀሰች። ብርቄ አቀፈቻት። ልጇ ትከሻዋ ላይ እንዳለች ወደ እኔ ሳታይ፣ «ለመኮንንም ይንገሩት» አለችኝ። «ለከተማውም ይንገሩ። ከዚህ ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም። አሁን ይሂዱልኝ።»

መኮንን ቢሮ ሄድኩ። ሽበት ወሮታል። ተናግሬ ስጨርስ አንገቴን አንቆ ከግድግዳው አላተመኝ፤ የፊት ጥርሴ ረገፈ። ሰው ገብቶ ሲያስለቅቀው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጡጫውን ያይ ነበር። እኔ ደሜን እየጠረግኩ ስወጣ ቅልል አለኝ። ያን ጊዜ ነው ራሴን የተጸየፍኩት። እንዴት ይቀለኛል? አንዲት ጥርስ ምንድን ናት? በእሱ ቡጢ ስለተመታሁ የእኔ ኃጢአት ሊቀልልኝ ነው? እሱ የመታት እጅ የራሱ ነው፤ እሱ ይጠየቅበት። እኔ ከእሱ ጋር አልካፈልም። የእኔ የእኔ ነው።

የቀረው ከተማው ነው። ስለዚህ ነው ይህን ስሜን አስገብቼ ያሳተምኩት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሽበት ነበረኝ። ሰክሬ ነበር አልልም። የናሆም ሳቅ ነው አልልም፤ ሰው ቢስቅብህ ጨቅላ ትሰብራለህ? ይቅር በሉኝም አልልም። ብርቄ የምትፈልገውን ተናግራለች፤ ይቅርታ ከዚያ ውስጥ የለበትም፣ እኔም አልጨምርበትም። ሕግ የሚጠይቀኝ ካለ ቤቴን ታውቁታላችሁ።

ሺሺንዳ ገበያ ላይ ብርቄን ስታያት ግን ጣትህን አትቀስርባት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እውነቱን ነበር የምትናገረው። ልጇን የጎዳኋት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም። እኔ፣ አድማሱ፣ ነኝ።